ዲዳው ጠረጴዛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ተራ ቀን። ሁለት ወንበር ጠገንን፣ አንድ ቁም ሳጥን ቫርኒሽ ቀባን። አማቼ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያወራ ዋለ። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ወርክሾፕ አብረን ስንሠራ ምላሱ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ወስዶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጋጋሪው የሠራንለትን በር በሁለት ሰው አሸክሞ መለሰው። አጥሯል። ሁለት ሴንቲ ሜትር። «ከሥሩ ድመት ታልፋለች!» እያለ ጮኸ። የለካሁት እኔ፣ የቆረጥኩትም እኔ። አማቼ ያደረገው ነገር ቢኖር መላግ ብቻ ነው። ግን ሰውየው ሲጮህ ያፈጠጠው አማቼ ላይ ነበር… እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። «ቸኩሎ ነው፣ እናስተካክላለን» አልኩ። ቸኩሎ ነው። እሱ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ አማቼ መላጊያውን አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ አላሳጠርኩትም» አለኝ።

«ይሁን፣ ተወው» አልኩት። ይቅር ባይ መስዬ!

ሜትሩ ላይ ዘጠኙን ሰባት ብዬ ነው ያነበብኩት። ሰውየው ሲጮህብን እዚያው ገብቶኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ትናንት የጻፍኩትን ሳነበው አፈርኩ። ከጀመርኩ አይቀር ግን ሁሉንም ልጻፈው። ለሌላ ለማንም አልናገረውም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ለሚስቴ ብሎን ልገዛ ነው ብዬ። ግላኮማ ነው አለኝ። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን እየበላው ነው። ግራው ከሄደ ቆይቷል። ቀኙ ደግሞ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ነው፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ነው የምንጠብቀው» አለ። ጠብታ ጠዋትና ማታ። ጠብታውን ከቫርኒሽ ቆርቆሮዎቹ ጀርባ ደብቄዋለሁ።

«ማሽን ላይ ይሠራሉ?»

«አልፎ አልፎ።»

ውሸታም። ቀኑን ሙሉ ነው።

አናጢ ዓይኑን ካጣ ምን ይቀረዋል? አማቼ ካወቀ መጋዙን አያስነካኝም። ሚስቴ ካወቀች ከቤት አታስወጣኝም። ሠላሳ ዓመት በእጄ ኖሬ አሁን ጥግ ይዤ ልቀመጥ? … ዛሬ አልናገርም። ነገ እናያለን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ፣ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ያለ። «ከሆስፒታሉ ነው፣ ስልከኛዋ ነኝ» ስትል ልቤ ቀጥ አለ። ስለ ዓይኔ መስሎኝ። ለካ ትዕዛዝ ነው። ለክለባቸው የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ትፈልጋለች። አሮጌው ጣራው አፍስሶበት በስብሷል።

«የምን ክለብ ነው?»

«የዓይነ ስውራን። የሚያይ ሰውም ይመጣል፣ በር አንዘጋም።»

«ዓይነ ስውር… ቴኒስ?»

«መሳቅ ካማረዎት አሁን ይሳቁልኝ። ቅዳሜ መጥተው ሲያዩን ጊዜ አያገኙም።»

አልሳቅኩም። ከስንት አናጢ እኔን…

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ምን ብዬ ልጀምር? እጄን በአፌ ጭኜ ነው የተመለስኩት።

አዳራሹ ሰፊ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ሃያ የሚሆን ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል። ስልከኛዋ አርባ የሚሆናት ቀልጣፋ ሴት ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁለቱም ዓይኖቿ አያዩም። እጄን ይዛ አሮጌውን ጠረጴዛ አስዳሰሰችኝ። ርዝመቱና ስፋቱ እንደ ማንኛውም መጫወቻ ነው። ግን ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው፣ ኳሷ እንዳትወድቅ። መረቡ ከጠረጴዛው ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚወጠረው። ኳሷ አትነጥርም፤ ከመረቡ ሥር ትንከባለላለች። ሆዷ ውስጥ አራት የብረት ፍሬ አለ፣ ስትሄድ ሽክ ሽክ ትላለች። ራኬቱ ላስቲክ የለውም፣ ባዶ እንጨት። እና ማንም ሰው፣ የሚያይም የማያይም፣ ከመጫወቱ በፊት ዓይኑን በጥቁር መሸፈኛ ያስራል።

«እዚህ ጆሮ ያለው ሁሉ እኩል ነው» አለችኝ።

ከጡረተኛ የታሪክ መምህር ጋር ገጠመች። ሰባ አልፎታል፣ እሱም አያይም። አዳራሹ ፀጥ አለ። እንዲህ ያለ ፀጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ ሃያ ሰው ትንፋሹን ይዞ።

«ልምታ?» አለች።

«ምቺ!»

ሳይጠይቁ መምታት ክልክል ነው። መልስ ሳይሰሙም መምታት ክልክል። ያኛው ጆሮውን አዘጋጅቶ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?

ኳሷ ሽክክክ ብላ ሄደች። ሽማግሌው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ጠበቃት፣ ክንዱን ወደ ቀኝ ላከ፣ ጠብ! መለሳት። እሷም መለሰች። እሱም። እኔ ከሦስተኛው ምት በኋላ ኳሷን አጣኋት። ወደማላይበት ወገን ሄደችብኝ። ባለ ዓይኑ አጣኋት፣ እነሱ ያዟት! አንገቴን እያዞርኩ ስፈልግ ሌላ ሁለት ምት አለፈኝ። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ ዓይኔን ጨፈንኩ… አገኘኋት። እዚያው ግድግዳ ተደግፌ እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ እናት ከአሥር ዓመት ሴት ልጇ ጋር ገጠመች። ሁለቱም ያያሉ፣ ሁለቱም ተሸፈኑ። እናትየዋ አሸነፈች፤ ልጅቷ «እማዬ አጭበርብራለች!» ብላ አኮረፈች። የአዳራሹ ዘበኛ፣ ሩቅ ያለን ሰው በአረማመዱ የሚለይ፣ ከታሪክ መምህሩ ጋር ተጋጥሞ አንድ ነጥብ ሳያገኝ ተሸኘ። ሁሉም ሳቁበት፣ እሱም ሳቀ።

ከመውጣቴ በፊት፣ «አይታችሁት የማታውቁት ጠረጴዛ እሠራላችኋለሁ» አልኩ። ከዚያ ምን እንዳልኩ ገባኝና ላብ አጠመቀኝ። አዳራሹ በሳቅ አወካ። «እውነትዎን ነው፣ አይተን አናውቅም!» አለ ሽማግሌው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ከባድ እንጨት መረጥኩ፣ አራት ሴንቲ ውፍረት። ጣውላዎቹን አጋጥሜ በኮላ አጣበቅኋቸው፤ መጋጠሚያው በጥፍር አይገኝም። ከሥሩ እንዳይንቀጠቀጥ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለጠፍኩ። እግሮቹን ጎማ አለበስኳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ለቴኒስ ነው ወይስ መኪና ሊቆምበት?» ይላል አማቼ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ከእኔ እጅ የወጣ ዕቃ ሲንቋቋ ተሰምቶ አያውቅም። ዕቃው የሚንቋቋበት አናጢ ሰው ፊት አይቆምም፤ እኔ ያደግኩት እንዲህ ተብዬ ነው።

ዛሬ ደግሞ ግራ ትከሻዬን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨሁት። «ምነው ጋሼ፣ በሩ ሰፍቶ ነው?» አለኝ። ሳቅን። ፊቱን ሲያዞር ትከሻዬን አሻሸሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

አለቀ! ሰባት ጊዜ ቫርኒሽ። በጡጫ ብትመታው ድምፅ የለውም። ሚስቴ መጥታ ዳሰሰችው። «እንደ ሕፃን ጉንጭ» አለች። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፣ እጇ አይዋሽም። እንዲህ ያለ ነገር ከእንግዲህ ስንት ጊዜ እሠራለሁ? … ተወው። ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ስድስት ሆነን ተሸክመን አስገባነው። ወገባችን ተቆረጠ። ስልከኛዋ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። «ውይ፣ ሲያምር» አለች። ደረቴ ተነፋ።

ስልከኛዋና ሽማግሌው ለሙከራ መሸፈኛቸውን አሰሩ። «ልምታ?» «ምቺ!» መታች።

ኳሷ ሄደች። አየኋት። ሽማግሌው ግን ራኬቱን ይዞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆሞ ቀረ። ኳሷ በአጠገቡ አልፋ የጠረጴዛው ከንፈር ጋ ደርሳ ቆመች። እሱ ገና ይጠብቃል።

«መታሽ እንዴ?»

«መትቻለሁ።»

«አልሰማሁም።»

ደግማ መታች። አሁንም እንደዚያው። ፍሬዎቹ ኳሷ ሆድ ውስጥ ይንሾካሾካሉ እንጂ ከጠረጴዛው ምንም አይወጣም። ሽማግሌው ቀስ ብሎ በእጁ ዳሰሰ፣ ኳሷን ፈልጎ አገኛት። ያ ፍለጋው… ያንን እጅ ሳየው ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ስልከኛዋ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ… ጠረጴዛዎ ዲዳ ነው» አለችኝ።

የሠላሳ ዓመት ሙያዬን አፍስሼ አፉን ዘጋሁት። ለእነሱ ኳሷ የምትናገረው በእንጨቱ ነው፤ እኔ በሱፍና በቫርኒሽ አፈንኩት። ለዓይን ነው የሠራሁት። እኔ! ዓይኑ እያለቀ ያለ ሰው!

እሁድ፣ ኅዳር 8

ከማንም ጋር መነጋገር አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ስልከኛዋ ወርክሾፑ ድረስ መጣች። በነጭ ዘንጓ፣ ብቻዋን፣ በአውቶቡስ። አማቼ ኮላ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። «ያኮረፈ አናጢ ላባብል ነው የመጣሁት» አለች። ቦርሳዋ ውስጥ ኳስ፣ ራኬትና መሸፈኛ ይዛለች።

«ያለዎትን እንጨት ሁሉ ያውጡልኝ።»

አወጣሁ። እያንዳንዱን ሁለት ድጋፍ ላይ ጋደም አደረግን፣ ኳሷን አንከባለለችበት። ከባዱ እንጨት ምንም አይልም። ወፍራሙ ጣውላ ያጉረመርማል። ተደራርቦ የተጣበቀው ስሱ ኮምፔንሳቶ ግን… ሥሩ ባዶ ሲሆን ይዘፍናል።

«አሁን እርስዎ ያስሩት» ብላ መሸፈኛውን ሰጠችኝ። አሰርኩት። ጨለመ። ፈራሁ። ይህ ነው እንግዲህ የሚጠብቀኝ አልኩ በልቤ። ራኬቱን አስጨበጠችኝ።

«ልምታ?»

«ምቺ» አልኩ።

ከግራ መጣች።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከዓመት በላይ ከግራዬ የመጣ ነገር የለም። ሰው ይመጣል፣ አላየውም። በር ይከፈታል፣ ይመታኛል። ግራዬ ግድግዳ ሆኖብኝ ኖሯል። ኳሷ ግን ከግራ ሽክ ሽክ እያለች መጣች፣ እጄም ሳላዘው ሄደ፣ ጠብ! … መታኋት! ግራዬ እዚያው ነበር ለካ! የትም አልሄደም! ደግማ ላከችልኝ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከመሐል። ሁሉም ቦታ ነበር። ሰፊ ነበር። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ እንደ ሕፃን ጮኬ ሳቅኩ።

መሸፈኛውን ስፈታ እሷ አልሳቀችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አዳራሽ ሲገቡ እግርዎ ከመርገጡ በፊት ደፉን ፈለገ። አሁንም በገዛ ቤትዎ እንደዚያው። እንደዚያ የምንራመደው እኛ ነን።»

መዋሸት አቃተኝ። ነገርኳት። ከሐኪሙ ቀጥሎ ያወቀች የመጀመሪያዋ ሰው።

«ለቤት ሰው ተናግረዋል?»

«አልተናገርኩም።»

«መጋዙን ያበራሉ?»

መሸፈኛውን አጣጥፌ መለስኩላት።

«እኔ አለቃዎ አይደለሁም» አለች ዘንጓን እየዘረጋች። «ግን የሰው ጣት የተቆረጠበት ጠረጴዛ ላይ አልጫወትም።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ቀኑን ሙሉ እንጨት ሳንኳኳ ዋልኩ። አማቼ አበድክ እንዴ ይለኛል። አሁን ገብቶኛል፦ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ዙሪያውን ብቻ ክፈፍ ላይ ያረፈ፣ ሥሩ ባዶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በስሱ የተቀባ። እንደ ከበሮ ነው መሠራት ያለበት።

ለአማቼ ልንገረው ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሁለት ጊዜም ስለ ብሎን አወራሁ። ነገ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16



የክፈፉን ጣውላ እየሰነጠቅኩ ነበር። ማሽኑን አጠፋሁ። አማቼ ሰጋቱራውን ሊጠርግ ከግራ በኩል እጁን አስገባ። አላየሁትም። ወሬውን ለአፍታ አቁሞ ነበር… ከወዲያ ማዶ የቆመ መሰለኝ። አበራሁት።

ጩኸት። አጠፋሁ። እጅጌው እስከ ክርኑ ተቀዷል። ሥጋው አልተነካም። ሥጋው አልተነካም! ደጋግሜ ክንዱን ዳሰስኩት፣ ጣቶቹን ቆጠርኩ።

«አላየኸኝም?»

«አላየሁህም።»

«ፊትህ ቆሜ?»

«በግራ አላይም። ቀኙም እየሄደ ነው። ዓመት አልፎኛል።»

ስለ እጁ፣ ስለ ማሽኑ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «በሩስ?» አለኝ በቀስታ።

«እኔ ነኝ። ዘጠኙን ሰባት ብዬ አነበብኩት።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ያኔውኑ።»

ሽርጡን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ወጣ። በሩን እንኳ አላላተመውም። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

አልመጣም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ዛሬም አልመጣም። ስልክ አያነሳም። ለእህቱም አልነገራትም። ወሬ የማያድርበት ሰው ይህን ግን ይዞልኛል። እኔ እንድናገር ትቶልኝ ይሆን?

ሚስቴ ለክለቡ አሥራ ሁለት መሸፈኛ እየሰፋች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ወንድሜን ምን አደረግከው?» አለች ቀና ሳትል። ነገርኳት። ሁሉንም። ሐኪሙን፣ ጠብታውን፣ ስልከኛዋን፣ በሩን፣ እጅጌውን። መርፌዋን አላቆመችም። ስጨርስ፣ «ለሐኪም ተነገረ፣ ለስልከኛ ተነገረ፣ እኔ መጨረሻ?» አለች።

የወደቀውን ክር አነሳሁላት።

«ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ለብቻህ ፈራህ?»

ይህ ነው የገደለኝ። ከዚያ የሰፋችውን አየችው፣ ጠማማ ነው። ጠማማ ሰፍታ አታውቅም። አልፈታችውም። ዓይኗ ላይ አሰረችው፣ ተነሳች፣ እጇን ዘርግታ ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ሄደች። ከወንበር ጋር ተጋጨች። ከድስት መደርደሪያው ጋር ተጋጨች። ልይዛት ስል «ተወኝ!» አለችኝ። ተመልሳ መጣች።

«እንዲህ ነው?»

«ገና ነው። ወደዚያ ነው የሚሄደው።»

መሸፈኛውን ሳትፈታ ፊቴን ፈልጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ማሽኑን አልነካሁም። ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ነቅዬዋለሁ። የቀረውን በእጅ መጋዝ ቆረጥኩ፣ በእጅ ላግኩ፣ ጠርዙን በጣቴ እየዳሰስኩ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። በማሽን በሁለት ቀን የሚያልቀው ብቻዬን ሳምንት ፈጀብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሞክረው ጉድፉን ቶሎ አገኘዋለሁ። ጣቴ ይህን ሁሉ ዓመት ያውቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ሳልጠይቀው የኖርኩት።

ኳሷን አንከባለልኩበት። ዘፈነ። ከወርክሾፑ ጥግ እስከ ጥግ።

አማቼ ይህን ባይሰማ ቆጨኝ። ወርክሾፑ ያለ እሱ ወሬ ይከብዳል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ከየት ልጀምር… በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አዲሱን ጠረጴዛ በሁለት ሰው ብቻ አስገባነው፣ እኔና ዘበኛው። ቀላል ነው። ስልከኛዋ ኳሷን ገፋ ስታደርጋት አዳራሹ ሁሉ «ኧረ!» አለ። ሃያ ሰው በአንድ ትንፋሽ። ሽማግሌው ጆሮውን ጠረጴዛው ላይ ለጥፎ፣ «ተናገረ» አለ። ሌላ ምስጋና አልፈልግም።

ወጋቸው ነው፣ በአዲስ ጠረጴዛ የመጀመሪያውን ኳስ የሚመታው የሠራው ሰው ነው። ሚስቴ አብራኝ መጥታ ነበር፤ መሸፈኛውን ራሷ አሰረችልኝ፣ ያንን ጠማማውን። «ከማን ጋር ነው?» አልኩ። «ትሰማዋለህ» አለችኝ። ከወዲያ በኩል እግር መጣ፣ ቆመ። ራኬት ተነሳ። ከባድ ትንፋሽ። ወንድ ነው። ዘበኛው መሰለኝ።

ፀጥታ።

«ልምታ?» አልኩ።

መልስ የለም።

አልሰማኝ ይሆናል ብዬ፣ «ልምታ?»

አሁንም የለም። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተንቀሳቀሰ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል፤ እየፈጠነ። ከዚያ የኮላ ሽታ ሸተተኝ… ከእኔ ልብስ ነው ልል ነበር። እኔ ግን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ነው የመጣሁት። የጠረጴዛውን ከንፈር ያዝኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ ድምፄ የእኔ አልነበረም።

«ልምታ?»

ሃያ ሰው ይጠብቃል፣ ሳይመለስልኝ መምታት አልችልም፣ ጥዬ መሄድም አልችልም።

«ምታ፣ ጋሼ።»

መምታት አቃተኝ። ኳሷ መዳፌ ላይ ሽክ ሽክ ትላለች፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። አዳራሹ ሁሉ እጄን ሰማው። መሸፈኛዬ ረጠበ። በመሐል ዳኛው፣ የታሪክ መምህሩ፣ ኮስተር ብሎ፣ «አሥር ሰከንድ አልፏል። ነጥብ ለተቀባዩ!» አለ። ፀጥታው በሳቅ ፈረሰ። አማቼም ሳቀ። ያ ሳቁ!

አሥራ አንድ ለአራት አሸነፈኝ። እንደ በሬ ነው የሚመታው፣ ጨዋታም አያውቅም፣ ግን አሸነፈኝ። በየነጥቡ መጠየቅ፣ በየነጥቡ መመለስ… አሥራ ሁለት ቀን ያልተነጋገርነውን ያህል ተነጋገርን። «ልምታ?» «ምታ።» «ልምታ?» «ምታ።» ሌላ ቃል አልተጨመረበትም።

ሲያልቅ በጠረጴዛው ዞሮ መጣ። ከግራዬ። ሰማሁት። ዞርኩ፣ ሳይነካኝ።

«በሩን ለዳቦ ጋጋሪው አንተው ነህ የምትነግረው» አለኝ።

«ሰኞ።»

«መጋዙን ደግሞ እኔ ነኝ የማበራው።»

«አንተ ነህ።»

«እህቴ ጎትታ ያመጣችኝ እንዳይመስልህ» አለና አንገቴን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። የአርባ ዓመት ሰው። እኔም የሃምሳ ስድስት።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ዳቦ ቤት ሄድኩ። ሰልፈኛው ፊት ነገርኩት። «በሩን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። ዓይኔ ነው፤ ይህን ለመናገር ደግሞ አፍሬ ነበር።» ዳቦ ጋጋሪው እጁን ከዱቄቱ አወጣ። «እኔ እኮ ልጁ ላይ ነው የጮህኩት» አለ። «አዎ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ማታ ጠብታዬን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እዚያው ይዋል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ይህ የእጅ ጽሑፍ የሚስቴ ነው። የቀኝ ዓይኔ ትናንት ግፊቱን ሊቀንሱልኝ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ በፋሻ ታስሯል፤ ግራው ለምንም አይሆንም፣ ስለዚህ ለጥቂት ቀን ምንም አላይም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የራስህን ጉድ እኔ ልጻፍልህ ብላ አጉረምርማለች። እሷ ናት ደብተሩን ያገኘችው። አንብቢው አልኳት። አነበበችው። ዳቦ ጋጋሪው የጮኸበት ቀን ላይ ስትደርስ ቆመች። ገጹን ገልጣ እስክትቀጥል ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

ሐኪሙ ተሳክቷል ይላል። የቀረው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ግን አላውቅም አለ። እኔም አላውቅም። ፈርቻለሁ፤ ይጻፍ።

ወርክሾፑን አማቼ ከፍቶታል። ዛሬ ስልክ ደውሎ ለአንድ ሰዓት አወራኝ። አንድ ትምህርት ቤትና አንድ የጡረተኞች ማኅበር ጠረጴዛ አዘዋል። መጋዙ የእሱ፣ መዳሰሱና ማዳመጡ የእኔ። በፋሻም ቢሆን እንጨት አንኳኩቼ መምረጥ እችላለሁ ብዬዋለሁ። ሁለት ዓይነት አምጥቶ በስልክ አንኳኳልኝ። ሁለተኛውን አልኩት።

ትናንት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተኝቼ ኮሪደሩን ስሰማ ነበር። የጫማ ዓይነቱ ሁሉ! ጋሪው፣ የነርሷ ቁልፎች፣ ሩቅ ያለ ሕፃን። ይህ ሁሉ ነገር ከጎኔ ሲሄድ ኖሯል? እንዲህ ሰፊ ነው? ከሁሉም መሐል የሚስቴን እርምጃ ከደረጃው ጀምሮ ለየሁት። በቃ፣ ይህን ጻፊና ዝጊው።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እኔ ሚስቱ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ አዳራሽ ሄደን ከእሱ ጋር ገጥሜ አሥራ አንድ ለዘጠኝ አሸንፌዋለሁ። ይህን አላስጻፈኝም። ትናንት ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲያስገቡት እስከ በሩ ድረስ እጄን አልለቀቀም፣ ነርሷ ናት ያላቀቀችን። ይህንንም አላስጻፈኝም።

አነበብኩለት። «አትሰርዢው» አለኝ።